ማማሰያውን ከመጣላችሁ በፊት፦ የጤና ጥናት ስናነብ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጤና ሳይንስ ለሚማሩ ወጣቶች ጥናታዊ ጽሑፍ አነባበብ አስተምራለሁ። አሠራራችን ቀላል ነው። አንዱ ተማሪ ሰሞኑን የወጣ ጥናት ይዞ ይመጣል፤ ሌሎቻችን እስኪያልበው ድረስ እንጠይቀዋለን። አንድ ጊዜ ስለ ፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ ስለ ፋይበር (በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው ሆድ የማይፈጨው ክፍል)፣ ሌላ ጊዜ ስለ መንጋጋ ሕመም። ርዕሱ ይለያያል፣ ስህተቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። ከክፍል ስወጣ ደግሞ ያው ስህተት በቴሌግራም ይከተለኛል። አንድ ቪዲዮ፣ ከሥሩ "ይሄን አይተሽዋል? እውነት ነው?" የሚል መልእክት።

ለእያንዳንዱ በየተራ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። አንድ ጥናት የሚመልሰው የጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ያልጠየቀውን እንዲመልስልን ስንፈልግ ነው።

ቁጥሩን ሳያሰሉ መደንገጥ

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ስለሆነ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ላይ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኬሞስፌር በተባለ የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። አጥኚዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃዎችን መረመሩ። ማማሰያና ጭልፋ፣ የምግብ ማቅረቢያ ትሪ፣ የልጆች መጫወቻም ነበረበት። በመጀመሪያው ማጣሪያ ብሮሚን (እሳት በሚከላከሉ ኬሚካሎች ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) የበዛባቸውን 20 ዕቃዎች ለይተው ጠለቅ ብለው ሲያዩ፣ 17ቱ ላይ እሳት እንዳይያያዝ ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ የሚጨመሩ ኬሚካሎች ተገኙ። የአሮጌ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ጥቁር ፕላስቲክ ቀልጦ የወጥ ቤት ዕቃ ሆኖ ሲመለስ ኬሚካሉም አብሮ ይመጣል።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ጥሩ ነው፣ ግኝቱም ያሳስባል። ከዚያ ሒሳብ ሠሩ። ዴካቢዲኢ ከሚባለው ኬሚካል፣ በእነዚህ ዕቃዎች የሚያበስል ሰው በቀን 34,700 ናኖግራም ሊደርሰው ይችላል ብለው ገመቱ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያስቀመጠው ገደብ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 7,000 ናኖግራም ነው። ታዲያ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ገደቡ ስንት ይሆናል? ጥናቱ 42,000 አለ። በዚህ ስሌት ሰውየው ገደቡ አፋፍ ላይ ደርሷል። ዜናውም በዚሁ ተሠራ። በየአገሩ ሰው ከመሳቢያው ጥቁር የሆነውን ሁሉ እያወጣ ጣለ።

7,000 በ60 ሲባዛ ግን 420,000 ነው።

አንድ ዜሮ ጎድሏል። የተገመተው መጠን የገደቡን 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያሉት ኬሚስት ጆ ሽዋርትዝ ስህተቱን አንስተው ጻፉ፣ መጽሔቱም በታኅሣሥ ወር ማረሚያ አወጣ። ማረሚያውን የላከልኝ ሰው የለም። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ግን የማውቀው ሰው ሁሉ ልኮልኛል።

አክስቴ ቪዲዮውን አይተው ጥቁር ዕቃቸውን በሙሉ ከረጢት ውስጥ ከተው በር ላይ አስቀምጠውት ነበር። ቁጭ ብለን ከሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አብረን አባዛን። ድሮ ሱቅ ስለነበራቸው ማባዛት ላይ ከእኔ ይፈጥናሉ። ውጤቱን አይተው ትንሽ ዝም አሉና "ታዲያ ይሄን የጻፉት የተማሩ አይደሉም እንዴ?" አሉኝ። የተማሩ ናቸው። ጽሑፉን የገመገሙትም የተማሩ ናቸው። ያባዛ ግን አልነበረም። ከረጢቱ ውስጥ አንደኛው ማማሰያ ጫፉ ቀልጦ ተቆራርሷል። እሱ ይጣል አልኳቸው፤ የተቀረው ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።

ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ቁጥር ባዩ ቁጥር ቆም በሉ የምለው። መጠኑ ስንት ነው? መለኪያው ምንድን ነው? የተነጻጸረው ከየትኛው ገደብ ጋር ነው? ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ማይክሮግራም የዚያ 1,000 እጥፍ ነው። ሁለቱን አምታቶ "መጠኑ በጣም አስፈሪ ነው" ብሎ ክፍል ፊት የቆመ ተማሪ በየዓመቱ አያለሁ። እዚያው ቆሞ እንዲያርም አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አይረሳውም።

"በሳምንት የባንክ ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ እንበላለን" የሚለውንም ሰምታችኋል። መነሻው በአውስትራሊያ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ግምት ነው። ጽሑፉ ራሱ የሰጠው በሳምንት ከ0.1 እስከ 5 ግራም የሚል ሰፊ ክልል ነበር። ዜናው የላይኛውን ጫፍ ብቻ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ስሌቶች ደግሞ መጠኑን ከዚያ እጅግ ዝቅ አድርገውታል። ካርዱ ግን እስካሁን እየተላከ ነው።

አንድ ስህተት ስለተገኘ ጥናቱን በሙሉ መጣል

የዜሮው ጉዳይ ሲወጣ አንድ ጎበዝ ተማሪዬ "ስለዚህ ሁሉም ውሸት ነበር" አለ። አልነበረም። የተሳሳተው ንጽጽሩ ነው። ኬሚካሉ ጭራሽ ሊኖርበት በማይገባ ዕቃ ላይ መገኘቱ ግን እንዳለ ነው። ያንን ለማየት ማባዛት አያስፈልግም።

መኖሩን ከመጉዳቱ ጋር ማምታታት

በጥር 2024 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የታሸገ ውሃ ውስጥ በሊትር በአማካይ ወደ 240,000 የሚጠጉ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ቆጥረናል አሉ። አብዛኞቹ ናኖፕላስቲክ ናቸው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት መሣሪያዎች የማይታዩ። የጥናቱ ትልቅነት እዚያ ላይ ነው። በሌዘር አዲስ የመቁጠሪያ ዘዴ ሠሩ። ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ምን ይሆናል ብለው አልጠየቁም። ጽሑፉን እስከ መጨረሻ ብታነቡት የታመመ ሰው የለበትም።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከጣሊያን የወጣው ጥናት ግን ይለያል፤ እሱን አቅልሎ ማለፍም ስህተት ነው። የአንገት ደም ሥራቸው በስብ ተደፍኖ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ወሰዱ። ከደም ሥሩ የወጣውን ስብ መረመሩ። እስከ መጨረሻ ከተከታተሏቸው 257 ሰዎች 58 በመቶ ያህሉ ላይ ፖሊኤቲሊን፣ ያው የፌስታሉ ፕላስቲክ፣ ተገኘ። ወደ ሦስት ዓመት በሚጠጋ ክትትል፣ ፕላስቲክ ከተገኘባቸው መካከል ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክ ወይም ሞት የገጠማቸው ካልተገኘባቸው በ4.5 እጥፍ ገደማ በለጠ።

እንዲህ ያለ ቁጥር እኔንም ያስደነግጠኛል። ግን ፕላስቲክ የበዛበት ሰው በሌላም ነገር ሊለይ ይችላል። የሚሠራበት ቦታ፣ የሚበላው፣ የሚተነፍሰው አየር። አጥኚዎቹም ምክንያቱ ፕላስቲኩ ነው ብለን አላረጋገጥንም ብለው ራሳቸው ጽፈዋል። ያንን ዓረፍተ ነገር አብሮ የላከ ሰው አላየሁም።

ሁለት ተቋማት ሲለያዩ "ሳይንቲስቶቹም አያውቁትም" ብሎ መዝጋት

ቢፒኤ ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ለመሥራትና የምግብ ጣሳን ከውስጥ ለመቀባት ሲያገለግል የኖረ ኬሚካል ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 የቀን ገደቡን በኪሎ 4 ማይክሮግራም አድርጎ ነበር። በ2023 ወደ 0.2 ናኖግራም አወረደው። 20,000 ጊዜ ቀነሰ ማለት ነው። የጀርመን የፌዴራል የስጋት ምዘና ተቋም በበኩሉ አልስማማም አለና 200 ናኖግራም ብሎ አስቀመጠ። በሁለቱ መካከል የ1,000 እጥፍ ልዩነት አለ።

ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ መጀመሪያ የሚሉት "አንዱ ይዋሻል" ነው። ሁለቱም ሰነዳቸውን አውጥተዋል፣ ማንበብ ይቻላል። አውሮፓው ገደቡን የመሠረተው በአይጦች ጣፊያ ውስጥ በታየ የአንድ ዓይነት መከላከያ ሕዋስ መብዛት ላይ ነው። ጀርመኖቹ ያ ለውጥ ሰው ላይ ጉዳት ማለት ነው ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብለው በወንዴ ዘር መቀነስ ላይ ተመሠረቱ። ክርክሩ የትኛው ለውጥ እንደ ጉዳት ይቆጠር የሚል ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ስታገኙ ቁጥሮቹን ትታችሁ እያንዳንዳቸው የመረጡትን ጉዳት ፈልጉ። ያን ጊዜ ነገሩ ይገለጣል። ለማንኛውም የአውሮፓ ኅብረት በታኅሣሥ 2024 ቢፒኤን ከምግብ ጋር ከሚነካኩ ዕቃዎች የሚያግድ ደንብ አጽድቋል። አሜሪካም በ2012 ከሕፃናት ጡጦ አስወጥታዋለች።

"ከቢፒኤ ነጻ" የሚል ጽሑፍ አይቶ መርካትም አለ። በምትኩ የሚገባው ብዙ ጊዜ ቢፒኤስ ነው፣ የቅርብ ዘመዱ።

ከዕቃው ሥር ያለውን ቁጥር እንደ ደረጃ ማንበብ

ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የሚናገረው። በ1988 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ለመልሶ መጠቀም መለያ እንዲሆን ነው። 5 ከ1 ይሻላል፣ 7 መርዝ ነው የሚል ትርጉም የለውም።

ጥናት የማያስፈልገውን ነገር ጥናት እስኪወጣ መጠበቅ

አንድ ሰው ስለ ናኖፕላስቲክ እያወራኝ ትኩስ ሽሮ በፌስታል ተቋጥሮለት ሲቀበል አይቻለሁ። ቋጠሮው ላይ እንፋሎቱ ፕላስቲኩን ወጥሮታል፣ ዘይቱ ከውስጥ በኩል ተለጥፎ ይታያል። ስለ ምግብ ዕቃ ደህንነት ከምናውቀው ሁሉ የጸናው ይሄ ነው፦ ሙቀት፣ ቅባትና ጊዜ ሲጨምሩ ከፕላስቲክ ወደ ምግብ የሚያልፈው ይጨምራል። ለዚህም ነው በአውሮፓ የምግብ ፕላስቲክ የሚፈተነው ውሃ ብቻ ተሞልቶበት አይደለም። ምግቡ እንደሚሆነው ዓይነት በዘይት፣ በ3 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ በአልኮል ይሞከራል። ከተለመዱት ፈተናዎች አንዱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 ቀን ማቆየት ነው።

ፌስታሉ የተሠራው ሽንኩርት ለመሸከም ነው። ትኩስ ዘይት እንዲይዝ የፈተነው የለም። አዲስ ግኝት ሳትጠብቁ የብረት ምሳ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ለአንድ ጊዜ የተሠራ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥም ትኩስ ሻይ አትቅዱ። የምግብ ቤት ባለቤቶች ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው አያስቀይማቸውም፣ እንዲያውም ብዙዎቹ ሞቅ አድርገው ይሞሉላችኋል።

"በ30 በመቶ ይቀንሳል" ሲባል ከስንት እንደሆነ አለመጠየቅ

ወደ ፋይበር ልሂድ። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የኒውዚላንዶቹ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ በዚህ ዘርፍ ከምወዳቸው አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያሠራው ነው። 185 የክትትል ጥናቶችና 58 የክሊኒክ ሙከራዎችን አንድ ላይ አዩ። ብዙ ፋይበር የሚበሉ ሰዎች ትንሽ ከሚበሉት ጋር ሲተያዩ ሞት፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ዓይነት ሁለት ስኳርና የትልቁ አንጀት ካንሰር ከ15 እስከ 30 በመቶ ዝቅ ብለው ተገኙ። ጥቅሙ ጎላ ብሎ የታየው በቀን ከ25 እስከ 29 ግራም ላይ ነው።

"30 በመቶ" የሰማ ሰው ከመቶ ሰው 30ው ዳነ ብሎ ያስባል። አጥኚዎቹ በሌላ መንገድም አስቀምጠውታል፦ ከ1,000 ሰዎች 13 ሞት ይቀንሳል፣ የልብ ሕመም ደግሞ በ6 ሰው። ይህ ትንሽ አይደለም። ለአንድ አገር ሲታሰብ ብዙ ሺህ ሰው ነው። ለእናንተ ለብቻችሁ ግን ዋስትና አይሆንም። ሁለቱን አነጋገር ጎን ለጎን ካላያችሁ ማንም በፈለገው በኩል ይነዳችኋል።

ምን እንደተለካ አለማየት

የፋይበር ታሪክ የተጀመረው ብዙም ሳይርቅ፣ ኡጋንዳ ነው ማለት ይቻላል። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ለዓመታት ሠርተዋል። በእንግሊዝ የተለመዱት የትልቁ አንጀት በሽታዎች በአፍሪካ ገጠር እምብዛም አለመኖራቸውን አዩ። በ1970ዎቹ ምክንያቱ ፋይበር ሊሆን ይችላል ብለው ዓለምን አሳመኑ።

ከዚያ ሙከራው መጣ። በሚያዝያ 2000 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በአንድ እትም ሁለት ሙከራዎች አወጣ። አንደኛው ከአንጀታቸው ፖሊፕ (ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ትንሽ እብጠት) የወጣላቸውን ከ2,000 በላይ ሰዎች በዕጣ ከፈለ። ግማሹ ስብ ያነሰበት፣ ፋይበር፣ አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት ምግብ በላ። ከአራት ዓመት በኋላ ፖሊፑ የተመለሰባቸው በአንዱ ቡድን 39.7፣ በሌላው 39.5 በመቶ ሆኑ። በስንዴ ፉርሽካ የተሠራው ሁለተኛውም ልዩነት አላገኘም። ጋዜጦች "ፋይበር አይጠቅምም" አሉ።

ጥናቶቹ የለኩት ግን የፖሊፕ መመለስን ነው፣ ያውም በጥቂት ዓመት ውስጥ። ካንሰር ብዙ ዓመት ይወስዳል። ፖሊፕ አንድ ጊዜ የወጣለት ሰው ደግሞ መንገዱን አጋምሶታል። ሙከራዎቹ ትክክል ናቸው። ስህተቱ ጥያቄያቸውን አስፍቶ ማንበብ ነው።

ተቃራኒውም አለ። በ2015 ከፒትስበርግ 20 ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከደቡብ አፍሪካ ገጠር 20 ሰዎች ምግባቸውን ለሁለት ሳምንት ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ ፋይበራቸው በቀን ከ14 ወደ 55 ግራም ገደማ ወጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንጀታቸው የመቆጣት ምልክት ቀነሰ፣ በደቡብ አፍሪካውያኑ ላይ ጨመረ። ደስ የሚል ሙከራ ነው፣ ክፍል ውስጥ በየዓመቱ አነበዋለሁ። ግን የለካው ምልክት እንጂ ካንሰር አይደለም። ደግሞም ፋይበሩ ሲጨምር ስቡ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ታዲያ የሠራው የቱ ነው? ይህን ጥያቄ ሳይጎተጎት ያነሳ ተማሪ ሳገኝ ቀኔ ሙሉ ይሆናል።

የሌላውን ምግብ ውጤት ለእንጀራ መስጠት

በ2021 ስታንፎርድ ላይ 36 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ለ10 ሳምንት ግማሾቹ ፋይበር፣ ግማሾቹ የቦካ ምግብ አብዝተው በሉ። የቦካ ምግብ የበሉት የአንጀት ተሕዋስያናቸው ዓይነት በዛ። ወዲያው "እንጀራም የቦካ ነው!" የሚል ፖስተር ተሠራ።

የበሉት እርጎ፣ ኬፊር፣ ኪምቺ፣ ኮምቡቻና የመሳሰለውን ነው፣ ሕያዋን ተሕዋስያን እንዳሉበት። የእኛ ሊጥ ሲቦካ በተሕዋስያን የተሞላ ነው። ምጣዱ ላይ ሲዘረጋ ግን ይሞታሉ። እንጀራ ሌላ ጥቅም አለው። መቡካቱ ብረት እንዳይመጠጥ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ያንን እናውራለት፣ ያልተሞከረበትን አንጫንበት። በምግባችን ስለምኮራ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

ከዚሁ ጋር የደረቅና የበሰለ ቁጥር ማደባለቅ አለ። 100 ግራም ደረቅ ጤፍ 8 ግራም ያህል ፋይበር አለው። የበሰለው 100 ግራም ወደ 3 ይወርዳል፣ ውሃ ገብቶበታልና። ሠንጠረዥ ስታነቡ መጀመሪያ ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ በሉ።

ነጭ ዳቦ ብቻ ይበላ የነበረ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ባቄላና ፉርሽካ አጭቆ ሆዱ ሲነፋ ጥናቱን አይውቀስ፤ ፋይበር ቀስ ተብሎ፣ ከውሃ ጋር ነው የሚጨመረው።

መንጋጋ ስለጮኸ ታመምኩ ማለት

አንዲት ተማሪ ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያ ያነበብነውን ሰምታ ከክፍል በኋላ ጠበቀችኝ። አፏን ስትከፍት ጆሮዋ አጠገብ ቀጭ ይላል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገኛል ወይ አለች። ያምሻል? አያምም። ይቆለፋል? አይቆለፍም። እንዲህ ያለ ድምፅ ብዙ ሰው ላይ አለ፣ ሕመምና መቆለፍ ከሌለው ሕክምና አያሻውም። ምልክትን የቆጠረ ጥናት በሽታን ከቆጠረ ጥናት እጅግ የበለጠ ቁጥር ያወጣል። "ከሕዝቡ ይህን ያህሉ የመንጋጋ ችግር አለበት" የሚል ስታዩ የቆጠሩት ድምፅ ነው ወይስ ሕመም የሚለውን ፈልጉ።

ሌላው፣ ሁሉንም ነገር በጥርስ አገጣጠም ማሳበብ ነው። በ2006 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ኦፔራ የተባለ ጥናት መንጋጋቸውን የማያማቸውን ሰዎች ለዓመታት ተከታተለ። በኋላ የታመሙት ቀድሞውንም ሌላ ቦታ የሚያማቸው፣ ራሳቸውን ወይም ወገባቸውን፣ እንቅልፋቸው የተበላሸ ሰዎች መሆናቸው ጎልቶ ታየ። በ2023 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው መመሪያም ለቆየ የመንጋጋ ሕመም የመንጋጋ እንቅስቃሴ፣ በባለሙያ እጅ የሚደረግ ሕክምናና የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምናን አጥብቆ ይመክራል። መልሶ ሊስተካከል የማይችል ለውጥ የሚያመጡ አንዳንድ ሕክምናዎችን ደግሞ አጥብቆ ይቃወማል። ጥርሳችሁን ሞርደን እናስተካክል የሚላችሁ ካለ መጀመሪያ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

"ቁሱ ደህና ነው" ብሎ የት እንደሚገባ አለመጠየቅ

ይሄኛውን ለሁሉም ተማሪዎቼ የማስተምረው በአንድ ታሪክ ነው። ቴፍሎንን ሁሉም ያውቀዋል፣ የማይጣበቀው መጥበሻ ነው። ከምንም ነገር ጋር በቀላሉ አይዋሃድም። በ1980ዎቹ ቪቴክ የተባለ የሂዩስተን ኩባንያ ከዚሁ ቁስ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ማስገቢያ ሠራ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1983 ፈቃድ የሰጠው ከዚያ በፊት ገበያ ላይ ካሉ ዕቃዎች ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ነው። መንጋጋ ግን መጥበሻ አይደለም። ስናኝክ፣ ስናወራ፣ ስንውጥ ቀኑን ሙሉ ይጫናል፣ ይፈጋል። ማስገቢያው እየተፈረፈረ ሄደ። ፍርፋሪውን ሊበላ የመጣው የሰውነት መከላከያ አጥንቱን አብሮ በላው። ማስጠንቀቂያው በታኅሣሥ 1990 ሲወጣ ብዙ ሰው፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናና የዕድሜ ልክ ሕመም ውስጥ ገብተው ነበር።

ሽሮውን የያዘው ፌስታልና ይህ ማስገቢያ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ደህና የሚባል ቁስ ለብቻው የለም። ደህና የሚባለው ለተፈተነበት አጠቃቀም ነው።

ለጥቂት ጊዜ የተሰጠ ምክርን የዘላለም ማድረግ

መንጋጋው ያመመው ሰው ለጥቂት ጊዜ ለስለስ ያለ ምግብ ብላ ይባላል። ወራት አልፈው ሰውየው አሁንም በነጭ ዳቦና በጭማቂ ነው። ከዚያ ሆድ ድርቀት ይመጣል። ለስላሳ ማለት ፋይበር የሌለው ማለት አይደለም። ጥሩ የበሰለ የምስር ወጥ አያስቸግርም። 100 ግራም የበሰለ ምስር 8 ግራም ያህል ፋይበር አለው። ሽሮ፣ ያልተበጠረ የገብስ ገንፎ፣ ተከትፎ በደንብ የበሰለ ጎመን አለ። ሕመሙ እስኪበርድ የሚቀሩት ቆሎ፣ ማስቲካና ጫት ናቸው።

ስለ ጫት ካነሳሁ፣ አንድ ተማሪዬ ጫት የሚቅሙና የማይቅሙ ሰዎችን የመንጋጋ ሕመም ላወዳድር ብሎ ንድፍ አምጥቶ ነበር። ሐሳቡን ወደድኩት። ግን የሚቅም ሰው እንቅልፉም ይለያል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ብዙው ያጨሳል። እነዚህን ሳይጠይቅ ልዩነት ቢያገኝ ልዩነቱ የማኘኩ ነው ማለት አይችልም። መጠይቁን አራት ገጽ አድርጎ ተመለሰ።

"ሙሉ ጽሑፉ በክፍያ ነው" ብሎ ማጠቃለያው ላይ መቅረት

ይህን ምክንያት አልቀበልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ሂናሪ የእኛን የመሰሉ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎችንና የጤና ኮሌጆችን በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶች ውስጥ ያስገባል። የይለፍ ቃሉ ላይብረሪያችሁ ጋ ነው። ተማሪ ያልሆናችሁ ደግሞ ፐብሜድ የተባለውን የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ክፈቱ፣ ነጻ ነው። የጥናቱን ርዕስ አስገብታችሁ ገጹ ላይ ማረሚያ ወይም መሰረዣ ወጥቶበት እንደሆነ እዩ፣ ካለ ከርዕሱ አጠገብ ይጻፋል። ነጻ ሙሉ ጽሑፍ ካለውም በስተቀኝ በኩል ማስፈንጠሪያ ታገኛላችሁ። ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ ወደ ዘዴው ክፍል ሂዱ። እነማንን አጠኑ፣ ለስንት ጊዜ፣ ምን ለኩ። ከዚያ አጥኚዎቹ ስለ ጥናታቸው ድክመት የጻፉትን አንቀጽ አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ ከመደምደሚያው በፊት ነው። ገንዘቡን ማን እንደሰጠም ከታች ተጽፏል። ይህን አድርጋችሁ አሁንም ግራ ካጋባችሁ ቪዲዮውን ሳይሆን ጽሑፉን ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።